ሆድ ዕቃ የሌለው ሬዲዮ

ሙናዊር ምን አለሽ ተራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮ ቀጥቅጧል። የዘይት ጣሳም ይሁን የመኪና በር፣ እሱ እጅ ከገባ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ጎረቤቴ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ቀረበ በተባለበት ሰሞን፣ የሰፈር ጠባቂዎች ሱቁን ሲፈትሹ አረንጓዴ የወታደር ሬዲዮ አገኙ። ባዶ ቀፎ ነበር። ሙናዊር በኪሎ ገዝቶ፣ ጎኑን ለአመድ መውጫ መብሳት ጀምሮ ነበር።

የጠባቂዎቹ አለቃ ዳቦ ጋጋሪው ማሙሸት ቀፎውን ገለባበጠው።

«ሆድ ዕቃው የታለ?»

«ባዶውን ነው የገዛሁት።»

«ከማን?»

«እኔ እንጃ።»

እውነቱን ነበር። እዚያ ተራ መዳቡን አንዱ፣ ፕላስቲኩን ሌላው፣ ብረቱን ሦስተኛው ይወስዳል፤ ሻጭን «ከየት አመጣኸው?» ማለት ሌባ ብሎ እንደመስደብ ነው። በደህና ቀን «አላውቅም» መልስ ነው፤ በጦርነት ቀን ግን ምስጢር ይሆናል።

«ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ» አለ ማሙሸት። «ሆድ ዕቃውን አምጣ። ካላመጣህ ደብቀኸዋል ማለት ነው።»

ሙናዊር ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ምን ይሻለኛል?»

ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስማር፣ እውነትን በማስረጃ አስደግፍ ይሉኝ ነበር። ማስረጃ ለሌለው እውነት ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገረኝም።

«የሚመስል ሆድ ዕቃ ፈልገህ ግዛ» አልኩት። «ስጣቸውና ይተዉህ።»

ገዛ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የሙናዊር እጅ ተበታትኖ የተቀመጠ ዕቃ አይቶ አያርፍም፤ የገዛውን ቀፎው ውስጥ አስተካክሎ በብሎን አሰረው፤ የበሳውንም ደፈነው። በሦስተኛው ቀን ወስዶ አስረከበ። ማሙሸት ባትሪ ሲያስነካው ሬዲዮው አጉረመረመ፤ ማንም ያልገባው ድምፅ አወጣ።

«ይሠራል» አለ ማሙሸት፣ ራሱም ደንግጦ።

ሙናዊርን ወስደው እንደ እሱ የተጠረጠሩት የታጎሩበት አዳራሽ ውስጥ አስገቡት። በማግስቱ ሄጄ፣ ምክሩ የእኔ እንደነበር ለበር ጠባቂው ተናገርኩ። ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«አባባ፣ ለሰላይነት አርጅተዋል። ቤትዎ ይግቡ።»

«እንግዲያው ከእሱ ጋር እሰሩኝ።»

«ቦታ የለንም።»

የሙናዊር ሚስት ሰአዳ የምሳውን ሳህን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን አሉ፣ ጋሼ?»

«ቦታ የለም አሉ።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ሳህኑን ተቀበልኳትና የስንቅ አቀባዮቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆምን።