በጥርስ ሳሙና የታጠበው የቻይና ብር

ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል እጃቸው ላይ አሮጌ ብር ካረፈ የሰው ወሬ አይሰሙም። ለትምህርት ፍራንክፈርት መጥተው አብዮቱ መመለሻውን ሲዘጋባቸው፣ አሮጌ ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠሩ። እዚያው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከእስያ የሚመጣውን ሁሉ ሲመረምሩ ኖሩ፤ የቻይናን ጥፍጥፍ ብር፣ የጃፓንን ሳንቲም፣ የሕንድን ሩፒ። አሁን ደግሞ ቦናመስ ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታቸው እሑድ እሑድ ክሊኒክ ይመስላል፤ ሐበሻው ከገበያ ያነሳውን ይዞ ይሰለፋል። ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ሓሚድ አንድ ጊዜ ዘንዶ የተቀረጸበት የቻይና ብር አገኘሁ ብሎ እየከነፈ መጣ። እውነተኛ ብር ማግኔት አይስበውም፤ ማግኔታቸውን ቢያስጠጉ ግን ሳንቲሙ ዘሎ ተለጠፈ። "ዘንዶህ ነፍስ አለው" አሉት። ሓሚድ ይህን ባወራ ቁጥር እስከ ዛሬ ይስቃል።

በፈረንጆቹ 2009፣ በኅዳር፣ ሔለን የመጣች ዕለት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሔለን አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምትንከባከብ ልጅ ናት። ከምትረዳቸው አንዷ የዘጠና አንድ ዓመቷ ጀርመናዊት ወይዘሮ፣ ፍራው ቬንትላንድ ናቸው። አባታቸው ከቻይና ያመጡት፣ የጀልባ ቅርጽ ያለው ጥፍጥፍ ብር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጠቁሮ መስኮታቸው ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ያ ጥቁር ነገር ቦግ ብሎ ያበራል። ፎቶውን ለአንድ ነጋዴ ቢያሳየው "አዲስ ነው፣ የውሸት ነው" አለው። ልጅዬውም ሔለን እውነተኛውን ወስዳ በሌላ ተክታዋለች ብሎ ደመደመ።

"እስከ ዓርብ ካልመለስሽ ፖሊሳይ እጠራለሁ አለኝ፣ ጋሼ" አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። "ሥራውስ ይቅር፤ ሌባ ተብዬ እንዴት እኖራለሁ?"

"ለመሆኑ ለምን አበራ?"

"እኔ ነኝ ያጠብኩት። እናቴ የብር መስቀሏን ለጥምቀት በሎሚና በአመድ ትወለውል ነበር። እዚህ አመድ ከየት ይምጣ? በሎሚና በጥርስ ሳሙና... ልደታቸው ነው፣ ደስ ይበላቸው ብዬ።"

ጋሽ ሰይፈ ራሳቸውን ያዙ። በእሳቸው ሙያ አሮጌ ብር ማጠብ ዕድሜውን መፋቅ ነው። "አንቺ ልጅ! መቶ ዓመት የፈጀ ጥቁረት በአንድ ከሰዓት!" ብለው ጮኹባት። ወዲያው ግን አንጀታቸውን በላችው፤ የእሳቸውም እናት እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ያን ሌሊት ሲገላበጡ አደሩ። የአሮጊቷ አባት ያኔውኑ ቻይና ውስጥ ተሸውደው ቢሆንስ? ጥፍጥፉ ከጥንቱም የውሸት ከሆነ ሔለንን የሚያድናት ነገር አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ሚዛናቸውንና ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው፣ ከሔለን ጋር ኦይሮፓፊርቴል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ወዳለው የአሮጊቷ ቤት ሄዱ። ልጅዬው ገና ከበሩ፣ "የአገሯ ሰው ነዎት፤ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ" አላቸው።

ደማቸው ፈላ፤ ዋጥ አደረጉት። "እኔን አይመኑ። በራስዎ ዓይን ያያሉ" አሉት።

ጥፍጥፉን መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ በክር አንጠልጥለው ውሃ ውስጥ መዘኑት። ሁለቱን ሲያነጻጽሩት ክብደቱ የብር ነው፤ እርሳስ አልተሸሸገበትም።

"አዲስ ብርም ብር ነው" አለ ልጅዬው። እውነቱን ነበር።

ጋሽ ሰይፈ ገለበጡት። የቀለጠ ብር ሲቀዘቅዝ አየር እያስወጣ ሥሩ ይበሳሳል፤ ሆዱ የእንጀራ ዓይን ይመስላል። ማጉያውን ለልጅዬው ሰጡት። ቀዳዳዎቹ በነጭ የጥርስ ሳሙና ተደፍነዋል። በእንጨት ስንጥር አንዱን ቀስ ብለው ቢጠርጉት፣ ከሥር ከብሩ ጋር የተዋሐደ ድፍን ጥቁረት ወጣ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

"አስመሳይ ቢሆን ውጪውን ያጠቁራል" አሉ። "ውስጡን አጥቁሮ ውጪውን የሚያበራ ሞኝ አላውቅም።"

ልጅዬው ደጋግሞ አየ። ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል። "እውነተኛው ነው" አለ በዝግታ። ሔለን ግድግዳውን ተደገፈች። እሱ ግን አልጨረሰም። "ታዲያ ማን አበላሸው? ማን ፈቀደላት?"

ሔለን ልትናገር አፏን ስትከፍት ፍራው ቬንትላንድ ከወንበራቸው ቀደሟት። "እኔ ነኝ እጠቢልኝ ያልኳት። አባቴ ሲሰጠኝ እንዲህ ነበር የሚያበራው። ሳላየው ልሙት?"

ሔለን ደንግጣ ጋሽ ሰይፈን አየች። ማንም እንዳላዘዛት ሁለቱም ያውቃሉ።

ጋሽ ሰይፈ ወረቀት አወጡና "እውነተኛ የቻይና ጥፍጥፍ ብር፤ የታጠበ" ብለው ጻፉ። እዚያ ላይ ብዕራቸው ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓይናቸው ያላረጋገጡትን አንዲት ቃል ጽፈው አያውቁም። አሮጊቷን አዩ፤ አሮጊቷም ዓይናቸውን ሳይሰብሩ አዩዋቸው። "በባለንብረቷ ትእዛዝ" ብለው ጨመሩና ፈረሙ።