አንድ ቁጥር የማን ነው

ቡሬ ውስጥ እህል ሰብስቦ የሚሸጥ ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። ኮምፒውተር የተማርኩት ፍኖተ ሰላም፣ ቤታችን ተቀምጬ፣ ከስልክ ላይ እያነበብኩ ስለሆነ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ፣ ሦስት ወር አይተውኝ ወይ ቋሚ እንደሚያደርጉኝ ወይ እንደሚያሰናብቱኝ ነገሩኝ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ለስምንት ኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ መስጠት ነበር። ስሙ ለሰው ነው፤ «ግዥ»፣ «መጋዘን» እያልኩ ሰየምኳቸው። ማሽኖቹ ግን የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። እኛ ሰፈር የቤት ቁጥሩን የሚያውቅ የለም፤ እንግዳ ስም ጠርቶ ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ሰው ቤቱን ያሳየዋል። ኢንተርኔት ላይም ስም ሲጻፍ፣ የሚያውቅ ማሽን ይጠየቅና ቁጥሩን ይናገራል። አድራሻው በነጥብ የተነጠሉ አራት ቁጥሮች አሉት፤ በእኛ ቢሮ ሦስቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የሚለየው የመጨረሻው ነው። ሁለት ማሽኖች አንድ አድራሻ መያዝ እንደሌለባቸው አንብቤያለሁ። ስለዚህ የመጨረሻውን ቁጥር በማዕረግ አደልኩ፤ አንድን ለኃላፊው፣ ሁለትን ለሒሳብ ሹሟ፣ እንዲህ እያልኩ ስምንተኛው ለመጋዘን ጠባቂው ደረሰ። ለኃላፊው አምስትን ወይም ስድስትን መስጠት በሐሳቤም አልመጣም።

በዚያው ሳምንት ኢንተርኔቱ ይሄድና ይመጣ ጀመር። በቀጥታ የወቀሰኝ የለም። የግዥ ሠራተኛው ግን ዱሮ ነገሩ ዝም ብሎ ይሠራ እንደነበር፣ እኔ በምሰማበት ርቀት ላይ ቆሞ ለሌላ ሰው ያወራ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ሽቦ ለሽቦ ፈትሼ ሲያቅተኝ ደብተር ከፈትኩ። ኢንተርኔቱ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው ለአሥራ አንድ የሥራ ቀን መዘገብኩ። ከመብራት መጥፋት ጋር አስተያየሁት፣ አልገጠመም። ከዝናብ ጋርም አልገጠመም። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ጸሐፊዋ ደብተሩን ከጠረጴዛዬ አንስታ አየችው።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ የጋሼ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው» አለችኝ፤ ኃላፊውን ማለቷ ነው። «ማክሰኞ ለስብሰባ ወጥተው ነበር። እየው፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቷል።»

ከዚያ ደብተሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና እሷ እንዳላየችው ነገረችኝ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከዘበኛው ወንበር በላይ የተሰቀለ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ራውተሩ ነው። ወንበርም ስክሪንም ስለሌለው ከማሽን አልቆጠርኩትም። የኃላፊውን ቁጥር ይዤ ስፈልግ፣ ለካ ሲመጣ ጀምሮ የራሱ አድራሻ ነበረው፤ መጨረሻው አንድ። ከቢሮው ወደ ውጭ የሚሄድ መልእክት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ኃላፊው ኮምፒውተራቸውን ሲያበሩ በአንድ አድራሻ ሁለት ባለቤት ይኖራል፤ የሠራተኞቹ መልእክት ሳጥኑን ትቶ ወደ እሳቸው ክፍል ይገባና እዚያው ይቀራል። እሳቸው ኢንተርኔት የሚያዩት በስልካቸው ስለሆነ የጎደለባቸው ነገር አልነበረም።

ቁጥሩን ሳልነግራቸው ልለውጠው አልችልም፤ ሲወጡ ክፍላቸውን ይቆልፋሉ። ገብቼ ነገርኳቸው። ማስረጃ ጠየቁኝ። የነበረኝ ማስረጃ ደብተሩ ነው።

መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።

«ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ከአሥር» ብለው አነበቡ።

«ኔትወርኩ የጠፋበት ነው፣ ጋሼ።»

«ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ከሩብ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት የት ሄድኩ?»

«እሱን አልመዘገብኩም።»

ገጾቹን ሁሉ ጨረሱ። ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ ጥግ ላይ አንድ ነገር እንደሚጽፍላቸው፣ ሰላምታ መስሏቸው ሲዘጉት እንደኖሩ ነገሩኝ፤ ለካ አድራሻው በሌላ መያዙን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ኮሪደሩ ድረስ ወጡ። የዘበኛው ባርኔጣ ሳጥኑ ላይ ተሰቅሏል።

«አንድ ማለት ይኼ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ባርኔጣውን አውርደው ለዘበኛው ሰጡት። ለእሳቸው ማንም ያልያዘውን ቁጥር እንድሰጣቸው አዘዙኝ፤ ዘጠኝ ሰጠኋቸው፣ ከመጋዘን ጠባቂው ቀጥሎ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቢሮ እያሉ ኢንተርኔቱ አልጠፋም።

ዓርብ ቋሚ የሚያደርገኝን ደብዳቤ ፈረሙልኝ። ደብተሬን ብጠይቃቸው መሳቢያቸው ውስጥ እንዳለና እዚያው እንደሚቆይ ነገሩኝ። ሰኞ ጠዋት በሥራ መግቢያው፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ስገባ የእሳቸው በር ክፍት ነበር።