ጳጉሜን ያልተቀበለው ፕሮግራም

ላሊበላ በሚገኝ የእርዳታ እህል ማከፋፈያ ቅርንጫፍ ሥራ የጀመርኩት ታላቅ ወንድሜ ታደሰ በሞተበት ክረምት ነው። የኮምፒዩተር ሠራተኛው እሱ ነበር። ቆላ ለሥራ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ አልተነሣም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ኮቦል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስተማረኝ እሱ ስለነበረ በቦታው ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠራሁም። የገባው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» ይለኛል። አሜን እላለሁ። ከሰዓት በኋላ የቅርንጫፉ ኃላፊ ጓድ ደምሴ መጡ።

«ሲሳይ፣ ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ናፍጣ ነው፤ ዕንባ አይደለም። ዛሬ ሂድና አልቅስ። ነገ ግን እፈልግሃለሁ።»

አልከፋኝም። በማግሥቱ ሠራሁ።

ሥራው የገበሬ ማኅበራትን የእህል ተራ ማተም ነው። የታተመው ወረቀት መጋዘን ያስከፍታል፤ በመንገድ ላይ ያለውን ኬላም ያሳልፋል። ቀኑ ካለፈ ኬላው ይመልሳል። በእጅ የተጻፈ ደግሞ አይቀበሉም።

ፕሮግራሞቹ ሁለት ነበሩ። ተራውን የሚያትመው የታደሰ ነው። ቀን የሚመረምረው በዚያ ክረምት ከዋናው መሥሪያ ቤት በዲስክ የመጣ ነው፤ ውስጡን ከፍተን ማየት አንችልም። የታደሰ ፕሮግራም መርማሪውን ይጠራል፣ ቀኑን ያሳልፍለታል። መርማሪው «ይሁን» ካለ ይታተማል፤ ካላለ ይዘለላል።

ነሐሴን በደህና አለፍን። ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት የብልባላ ገበሬ ማኅበር ሰዎች ስልሳ ያህል አህያ እየነዱ መጡ። ተራቸው ያን ዕለት ነው። ከታተመው ወረቀት ላይ ግን ብልባላ የለም።

ሊቀ መንበራቸው ጋሼ ይመር በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። «ምን አጠፋን፣ ልጄ?»

«ፕሮግራሙ ጳጉሜን አያውቅም፣ ጋሼ። ለእሱ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ነው።»

«ይምርሐነ ክርስቶስን! እኛ በእነዚህ አምስት ቀናት አንበላም ማለት ነው?» አሉና ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ማሽኑ ጳጉሜን ጾም አድርጓታል!»

ሳቁ። ሳቃቸው አልቆየም። መስከረም ከጠባ የአሮጌው ዓመት ድርሻ ይዘጋል፤ የአዲሱ ገና አልተፈቀደም። ብዙዎቹ ቤት ያለው እህል እሸት እስኪደርስ አያቆይም።

ጓድ ደምሴ «ነሐሴ ሠላሳ ብለህ አትመው» አሉ።

ጋሼ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትናንትናን ይዘን ኬላ እንድንቆም ነው፣ ጓድ?»

መርማሪው የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው ብዬ አሰብኩ። ጳጉሜን አንድ በፈረንጅ ሴፕቴምበር ስድስት ነው፤ ስለዚህ ቀኑ ላይ አምስት ጨመርኩ፣ ወሩን ዘጠኝ አደረግሁ፣ ዓመቱ ላይ ስምንት ጨመርኩ። መርማሪው «ይሁን» አለ። ብልባላ ታተመች። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ቀድጄ ሰጠሁ።

ጓድ ደምሴ አነበቡት። «ስድስት፣ ዘጠኝ። ግንቦት ስድስት? አህዮቹ እስከ ግንቦት እዚህ ሊያድሩ ነው?»

ውጪ ዝናብ ጀመረ። ሰዎቹ አህዮቹን ከመጋዘኑ ግንብ ሥር አስጠጓቸው። እኔ ታደሰ ያስተማረኝን ለማስታወስ ሞከርኩ። ስለ እሱ ሳስብ ሌላው ነገር ሁሉ ይመጣብኛል፤ ሥራው ብቻ ተለይቶ አይመጣም። የጻፈውን ፕሮግራም ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ከዚያ መጣልኝ።

በኮቦል አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ጠርቶ ቀን ሲያሳልፍለት ቅጂ አይሰጠውም። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ቦታ ላይ በተቀመጠ በዚያው ቁጥር ነው። እኔም የለወጥኩት ያንኑ ቁጥር ነበር፤ ለመርማሪው ብዬ የእኛን ቀን አጠፋሁት።

ሁለተኛ ቦታ ከፈትኩ። ቀኑን ወደዚያ ገለበጥኩ፣ ግልባጩን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀየርኩ፣ እሱን ለመርማሪው ላክሁ። የእኛ ጳጉሜን አንድ ሳትነካ ቀረች።

ፕሮግራም የለወጠ ሰው ስሙን ከላይ መጻፍ አለበት። የታደሰ ስም እዚያ ነበር። ማጥፋትም አይከለከልም። ተውኩትና ከሥሩ የእኔን ጻፍኩ።

ወረቀቱ ወጣ። ጓድ ደምሴ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ብልባላ። አንድ፣ አሥራ ሦስት።» ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ።

ጋሼ ይመር ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው ከጋቢያቸው ሥር አስገቡ። «ወንድምህን ነፍስ ይማር። አንተንም ያቆይልን» አሉኝ። መጋዘኑ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹ አህዮች ተጭነው ሲወጡ በመስኮቱ አየሁ። ኬላውም እንዳሳለፋቸው በኋላ ሰማሁ።

በዚያ ሥራ ዓመታት ቆየሁ፤ ሌሎችንም አስተማርኩ። የማስተምረው ይህን ነው፦ ቀን ለሌላ ፕሮግራም ስታሳልፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚቀበል አስቀድማችሁ እወቁ። የምትልኩትም ግልባጩን ይሁን፤ ዋናውን አትንኩ።