የማይከደነው ዓይኔ

እንቅልፍ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለእኔ ሲሰጠኝ ግን እጁ ሳያመልጠው አልቀረም። ከጦሩ ጋር ከሸዋ መጥተን ጎባ ላይ ስንሰፍር ጓደኞቼ አንዱ በተኩስ፣ አንዱ በፈረስ ግልቢያ ሲታወቁ እኔ የታወቅሁት በማንኮራፋት ነው። አገሩ የሰው አገር ነበር። ጠመንጃ ይዘን ገባንና ገበሬው የገዛ ገብሱን ተሸክሞ ጎተራችን ድረስ እንዲያመጣ አደረግን፤ ከዚያ ደግሞ እንዳይወስደው ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። እኔ የደረሰኝ ከምሳ በኋላ ያለው ተራ ነበር። ያን ተራ ለእኔ መስጠት ለጅብ ሥጋ አደራ እንደ መስጠት ነው።

የሃምሳ አለቃችን ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ወደድኋት። ሽማግሌ ብልክ አባቷ እንቢም እሺም አላሉ፤ እስከ ፋሲካ ይታያል፣ እስከዚያ አንድ ቀን ተኝቶ ካገኘሁት ግን ልጄን ለሌላው ጠያቂዋ፣ ለጎሮው ሰው እድራለሁ አሉ። የጎሮው ሰው በቅሎ ያለው፣ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ፣ በሄደበት ሁሉ ይህንኑ የሚያወራ ሰው ነው። እንደሱ ያለውን ሰው ዛሬም አልወድም።

ኅዳር ላይ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ አንድ ቀን ጧት ተነስቼ ልጉመጥመጥ ብል ውሃው በግራ አፌ ፈሰሰ። ፊቴን ብዳብሰው ግራው በሙሉ ወርዷል። ግንባሬን ላኮሳትር ብል አንደኛው ወገን እንቢ አለ። ከንፈሬ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፣ በተነፈስሁ ቁጥር ጉንጬ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ግራ ዓይኔ እንደ ተበለጠጠ ቀርቷል። ከሸዋ አብራኝ የመጣችው እናቴ ሰይጣን በጥፊ መትቶት ነው አለች። ጓደኞቼ ነፋስ ነው አሉ። ገብስ ሊያስገቡ የመጡ ሁለት ገበሬዎችም አዩኝና አንዱ ለአንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብሎት ተያይዘው ሳቁ። ያን ጊዜ ኦሮምኛ አለማወቄ በጀኝ።

ምን እንደ ነበረ የነገረኝ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ካረጀሁ ወዲህ ያገኘሁት ሐኪም ነው። ጡንቻ ሎሌ ነው አለኝ፤ ካላዘዙት ንቅንቅ አይልም። ትእዛዙ ከአንጎል ይነሳና በነርቭ ይመጣል። የፊት ነርቭ ደግሞ ከጆሮ ኋላ አጥንት ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ ነው የሚያልፈው፤ እዚያ ሲያብጥ ይታነቃል፣ ትእዛዙም ይቀራል። መዳሰስ ግን በሌላ ነርቭ ስለሆነ ቢነኩህ ይሰማሃል። የዓይን ሽፋንም የሚከፍተው ጡንቻና የሚዘጋው የተለያዩ ናቸው፤ የእኔ ከፋቹ ደህና ነበር፣ ሥራ የፈታው ዘጊው ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጓደኞቼ እንደ ነገሩኝ፣ ስተኛ ግራ ዓይኔ አይተኛም።

ይህን የሰማሁ ዕለት ደስታዬን ቻልሁት ማለት አልችልም። ከጎተራው ደጅ ግራ ፊቴን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ቀኙን ለብርዱ ነው ብዬ በጋቢ ሸፍኜ፣ ጠመንጃዬን አቅፌ እተኛለሁ። የሃምሳ አለቃው ይመጣሉ፤ ሰላም ይላሉ፤ መልስ የለም። ዓይኔ ግን ፈጥጧል። እሳቸውም ለሰዉ ሁሉ፣ ዘበኛ ማለት እንዲህ ነው፣ ለአለቃው ሰላምታ እንኳ ዓይኑን ከደጁ አያነሳም እያሉ አወሩልኝ። የጎሮው ሰው በቅሎ ረከሰች።

እናቴ ግን ካልዳንህ ብላ በየሳምንቱ ጠበል ትወስደኛለች። ልጄ ይድንልኝ ብላ ስታለቅስ እኔ በልቤ፣ ጌታ ሆይ ይሁን፣ ግን ከፋሲካ ወዲያ እላለሁ። ጠበሉን ሲያፈሱብኝ ደህናውን ጎን አቀርብ ነበር። ቄሱ ሁለት ጊዜ አዞሩኝ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ።

አንድ ቀን በእንቅልፌ ላይ ለስላሳ ነገር ግራ ዓይኔን ሲነካኝ ተሰማኝ። ልጅቷ ናት፤ ለአባቷ ምሳ አድርሳ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ከዓይኔ አቧራና እንባ እየጠረገች ነበር። ስታንኮራፋ ከመንገድ ይሰማል አለችኝ። አለቀልኝ ብዬ ደነገጥሁ። እሷ ግን ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲያ ባለፈች ቁጥር ጠርጋልኝ ትሄዳለች። እኔም አንዳንድ ቀን እንቅልፌን ትቼ የተኛሁ መስዬ እጠብቃት ጀመር፤ በሕይወቴ ስለ ሰው ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት ያኔ ነው።

የፈራሁት የመጣው በሰሙነ ሕማማት ነው። ድብን ብዬ ተኝቻለሁ። ድንገት ቀኝ ጆሮዬ ተቆነጠጠ።

«ተነስ፣ ዓይንህ ድኗል» አለችኝ ልጅቷ።

ሽፋኑ ለካ ወርዶ ገጥሟል። ተነስቼ ጠመንጃዬን ከማስተካከሌ አባቷ ከጎተራው ጥግ ብቅ አሉ። ፊቴን አይተው እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ እኔም ከልቤ ይመስገን አልሁ። የቀረውን ሳምንት በፍርሃት ዓይኔን ሳልከድን ተጠባብቄ ፋሲካ ደረሰ፤ ልጃቸውንም ሰጡኝ።

በሠርጋችን የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ ግራ ዓይኔ ዝርግፍ አለ። አማቴ ተነስተው፣ እዩት፣ ልጄን ሲያገኝ ደስታ አስለቀሰው ብለው እሳቸውም አለቀሱ። በማግስቱ ቁርስ ላይም አለቀስሁ። በሳምንቱ በቆሎ ቆሎ ሳይቀር ያስለቅሰኝ ጀመር፣ አማቴም ጥርጣሬ ገባቸው። ሐኪሙ እንዳለው የተጎዳ ነርቭ ተመልሶ ሲያድግ መንገድ ይስታል፤ ለምራቅ የሚሄደው ክር የእንባውን መንገድ ይይዛል። ምራቅ ስጠራ እንባ የሚመጣልኝ ለዚህ ነው።

ሚስቴ ማዕድ በቀረበ ቁጥር በግራዬ ትቀመጥና ታጎርሰኛለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ደግሞ ታጎርሰኛለች። ስንጣላ እንኳ ዝም ብላ ትጠርግ ነበር። አባቷ ሲሞቱ በተዝካራቸው ላይ እያለቀስሁ ስበላ ያየ ሁሉ አማች ማለት እንዲህ ነው ብሎ አደነቀ፤ እሷ ብቻ በነጠላዋ ውስጥ ሳቋን አፍና ጎኔን ጎሸመችኝ።

እሷ ካረፈች ዓመት አለፈ። በጣም ትናፍቀኛለች። ልጆቼ ማዕድ ላይ እንባዬን ያዩና እንግዳ ካለ፣ አይጨነቁ፣ የአባባ የጥንት በሽታ ነው፣ የግራ ነርቩ ነው ይላሉ። እኔም አዎ ነርቭ ነው እላለሁ። ሐኪሙ የነገረኝ ስለ ግራ ዓይኔ ነው፤ ስለ ቀኙ ምንም አላለኝም።