የዘገየው ጅራፍ

ስደት ምእመናንን ያጠራል ይላሉ። አያጠራም። ውስጡ ስለነበርኩ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየጓሮው ስንሰበሰብ፣ ምቀኛው ምቀኝነቱን፣ ሐሜተኛው ሐሜቱን ጠቅልሎ ይዞ ነበር የሚመጣው። የተለወጠ ነገር ቢኖር የምንተማማው በሹክሹክታ መሆኑ ነው።

የምንሰበሰበው ከሚዛን ተፈሪ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ከወንዝ ማዶ፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። እማማ እንላቸው ነበር። ቤቱን ከጎንና ከኋላ እንሰትና ቡና ከበውታል። ከፊት ለፊቱ በቆሎ፣ በበቆሎው መካከል ደግሞ ጦጣ የሚጠበቅበት ማማ አለ። ማማ ላይ ተቀምጦ ጦጣ የሚያባርር ሰው በዚያ አገር ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ስለዚህ ጠባቂያችን እዚያ ይወጣል። ጅራፉ አንዴ ከጮኸ ለጦጣ ነው። ሁለቴ አከታትሎ ከጮኸ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች እየመጡ ነውና፣ በጓሮ በር ወጥቶ በቡናው ውስጥ መበተን ነው።

መጀመሪያ ማማው የእኔ አልነበረም። ከሰሜን መጥቼ እዚያ የተመደብኩ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ በሦስት ነጥብ የተከፈለ ስብከት የማዘጋጅ። ሁለት ዓመት ሰበክኩ። ከዚያ አንድ የአካባቢው ተወላጅ ቡና ገበሬ አንድ እሑድ ተነሥቶ በተሰባበረ አማርኛው ጸለየ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ያስለቀስኩት አንድ ሕፃን ብቻ ነው፤ እሱም ርቦት ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ አገልግሎቱን ለገበሬው ሰጡት።

«ልጄ፣ አንተ ዓይንህ ጥሩ ነው» አሉኝ እማማ። «ማማው ላይ ብትሆንልን?»

«ድምፁስ ቢሆን! እንኳን ጦጣ ሰውም ያባርራል» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

አጋንንት በማስወጣት የታወቅን ነበርን። የትምባሆ መንፈስ፣ የጠጅ መንፈስ፣ ስብከት መሃል የሚያስተኛ የእንቅልፍ መንፈስ፣ ሁሉንም በየስሙ እየጠራን እናስወጣለን። ማማው ላይ የተቀመጠውን ግን ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ነሐሴ ነበር። ጅራፉን እንደ ወትሮው ከእማማ ምድጃ በላይ ከተሰቀለበት ሚስማር አወረድኩ። ገበሬው ራሱ ከቃጫ የገመደው ነው፤ ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል። ማማው ላይ ወጣሁ። ጉሙ ረፋድ ላይ ሲገለጥ አምስት ሰዎች ከመንገዱ ወርደው ወደ ወንዙ ሲመጡ አየሁ። ሦስቱ ጠመንጃ ይዘዋል። ከቤት ውስጥ የገበሬው ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀጥሎ «አሜን!» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ። ለእኔ እንደዚያ ብለው አያውቁም።

እጄን አላነሣሁም።

ምናልባት ወደ ወፍጮ ቤት ይሆናል አልኩ ለራሴ። ላጣራ አልኩ። ጠመንጃ ተሸክሞ እህል የሚያስፈጭ እንደሌለ አውቃለሁ። ወንዙን ተሻገሩ። አንዲት ጦጣ የበቆሎው ዳር ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ፊተኛው ሰው እንሰቱ ጋ ሲደርስ ጅራፉን ሁለቴ አጮኽኩት። ጥርት ብሎ ጮኸ።

እኔ ከማማው ወርጄ በቆሎው ውስጥ ተደበቅኩ፤ ሌሎቹ በጓሮ አመለጡ። እማማ መሮጥ አይችሉም፤ ገበሬው እሳቸውን ጥሎ አልወጣም። እጁን በእሳቸው መቀነት አስረው ወሰዱት።

በማግስቱ እማማ ጠሩኝ። «ምነው ልጄ፣ ጅራፉ ዘገየሳ?»

«ረጥቦ ነበር እማማ። ጉሙ አርጥቦት።»

«ረጥቦ» አሉ። ዓይናቸው ወደ ምድጃው ሄደ።

ማኅበሩ ሰይጣን መታን ብሎ ሦስት ቀን ጾመ። እኔም ጾምኩ። ሰባኪ አልነበረምና ስብከቱ ወደ እኔ ተመለሰ። ስለ መንፈሳዊ ውጊያ ሰበክኩ፤ ስለ ጠላት ሽንገላ። እንደዚያ ሰብኬ አላውቅም። ሰው አለቀሰ። ሰይጣን በዚያች እሑድ ቴፒ ይዋል ሸኮ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ግን የሚሠራው ሥራ አልቀረለትም ነበር።

ገበሬው ታስሮ ሳለ ቡናው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ረገፈ። «ሄደን እንልቀምለት» የተባለ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረብኝ።

ከአምስት ወር በኋላ ተፈታ። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ያነክሳል። በሩ ላይ ብቅ ሲል ስብከት መሃል ነበርኩ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋሁት።

«ቀጥል፣ ቲቸር» አለና ከኋላ ተቀመጠ።

አምስት ወር እሱ ታስሮ ነበር፤ ከዚያ አምስት ወር እኔ ዝም አልኩ። በየሳምንቱ ይጨብጠኛል። አጨባበጡ ከድሮው አለመለየቱ ያስፈራኝ ነበር።

በቆሎው እንደገና አፈራ። ሽማግሌዎቹ እሱን ወደ ስብከቱ፣ እኔን ወደ ማማው መለሱን። በመጀመሪያው እሑድ፣ ሰው ሳይሞላ፣ ማማው ሥር አዲስ ጅራፍ ገምዶ አመጣልኝ።

«እንካ ቲቸር። ይሄ ቢረጥብም ይጮሃል።»

«ያኛውም አልረጠበም ነበር» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«አውቃለሁ። የሚሰቀለው እሳት ላይ ነው።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሲጮህ። እርጥብ ጅራፍ እንደዚያ አይጮህም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ቁጢጥ ብሎ የእግሩን ውስጥ በእጁ ያሽ ጀመር። «እዚያ በየቀኑ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ጅራፍ የሚያጮኸው ማነው ይላሉ። ስምህ ምላሴ ላይ ይመጣል። ልናገር፣ እሱም ይቅመስ እላለሁ። ስምህ ይጣፍጥ ነበር፣ ቲቸር። እውጠዋለሁ። ሲነጋ ተመልሶ ይመጣል።» ቀና ብሎ አየኝ። «አሁንም መጥቷል።»

ይቅር ብዬሃለሁ እንዲለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም።

«ምን ላድርግ?» አልኩት።

«ማማው ላይ ውጣ። ሰው እየገባ ነው።»

ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አብዮት ጠባቂዎቹ ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጅራፉ በሰዓቱ ጮኸ፣ አንድም ሰው አልተያዘም። ድል ነሣሁ ማለት ግን አልደፍርም። ሁለቱንም ጊዜ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እጄ ከብዶኝ ነበር። ያ ክብደት ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሌላ ሰው ሲመሰገን በሰማሁ ቁጥር ክንዴ ላይ ይመጣል።

አንተም አንባቢዬ፣ ሰይጣንን መገሠጹን ለዛሬ ተወው። የበደልከው ሰው በሕይወት ካለ ቤቱ ሂድና ያደረግኸውን በገዛ አፍህ ንገረው። የጸሎት ርዕስ አታድርገው። ተነሥና ሂድ።