ሰሜን ምሥራቅ ያለው ጎል

የበረዶና የእርጥብ ጎማ ምንጣፍ ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። ጓደኞቼ የዚህን ኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ካለፈው ሳምንቱ ጋር ያወዳድራሉ፤ ወንበሩን፣ ስክሪኑን፣ ፓርኪንጉን። እኔ የማየው ሌላ ነው።

አባቴ ዳውንታውን አትላንታ ታክሲ ይነዳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጅ ሆኪ ሊያሳየኝ ሲወስደኝ፣ ቂብላው፣ ማለትም ዞሮ የሚሰግድበት የመካ አቅጣጫ፣ ሰሜን ምሥራቅ ነውና መጀመሪያ የትኛው ጎል በዚያ በኩል እንዳለ ያጣራል። እረፍት ሲሆን ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ጃኬቱን አንጥፎ ወደዚያው ዞሮ ይሰግዳል። ያንን ጎል ለሚጠብቀው ቡድን ዱዓ የሚያደርግ ስለሚመስለኝ፣ እኔም እነሱን እደግፋለሁ። ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ እኔም እቀየራለሁ።

አንድ ቀን በመጨረሻ የደገፍኩት ቡድን ተሸነፈ።

«አባዬ፣ ዱዓህ አልሠራም እኮ» አልኩት መኪና ውስጥ።

«የምን ዱዓ?»

«ለቲምህ ያደረግከው።»

ሳቀ። «እኔ ምን ቲም አለኝ? ዱዓው ላንቺ ነው።»

«እኔ እኮ አልጫወትም» አልኩት።

ዛሬም አዲስ ሜዳ ስገባ፣ ገና ሳልቀመጥ ሰሜን ምሥራቁን እፈልጋለሁ። በዚያ በኩል ጎል በገባ ቁጥር፣ ማንም ያግባው፣ ቅር ይለኛል።