አዳራሹ ውስጥ የገባ ሚስኮል

ባክአፕ ይሏታል። ስም አጥታ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስም የሚያወጣ ሰው አይጠፋምና ነው። የአንድ ድርጅት ዳታቤዝ ጠባቂ ሆና ዓመታት ስትሠራ፣ ሌላው ጠዋት ሲገናኝ «እንዴት አደራችሁ» ይባባላል፣ እሷ «ትናንት ባክአፕ ወስዳችኋል?» ብላ ትገባለች። መረጃው አንድ ቀን ቢጠፋ የሚተካው ቅጂ ተቀምጧል ወይ ማለቷ ነው። አንዱ ቀልደኛ «ባክአፕ መጣች!» አለ፣ በዚያው ተጣበቀባት። እሷም አልተቀየመችም።

ታዲያ ለድርጅቱ መረጃ ቅጂ ስታስቀምጥ ለራሷ ምንም አላስቀመጠችም። ባለቤቶቹ ተጣሉ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ሠራተኛው ተበተነ። ወጣቶቹ ወዲያው ወዲያው ሥራ ያዙ። እሷ ጸጉሯ ገብስማ የሆነ ሴት ናት፣ ማን ይቸኩልላታል?

የዋህ ሰው ሥራ ሲፈልግ ማስታወቂያ ያነባል። በዚህ ሙያ ማስታወቂያው ሲወጣ ሥራው ድሮ ተይዟል፤ የሚለጠፈው ለወጉ ነው። ሥራው የሚያዘው የቴክኖሎጂ ሰዎች በሚሰበሰቡባቸው ዝግጅቶች ላይ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ቁራጭ ኬክ በእጅ ይዞ ቆሞ በማውራት ነው። ባክአፕ ይሄ እስኪገባት ድረስ ስንት ማመልከቻ በከንቱ አስገባች መሰላችሁ!

መጀመሪያ ሰሞን ያገኘችው ዝግጅት ሁሉ ላይ እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። ኋላ ግን መምረጥ ለመደች። ተናጋሪዎቹን ዓይታ አትመርጥም፤ ትልቁ ሰው ተናግሮ በጓሮ በር ውልቅ ይላል፣ ጥላውንም አታገኘው። የምታየው ድርጅቶቹ ማንን እንደሚልኩ ነው። የሽያጭ ሠራተኛ ብቻ የላከ ሊሸጥ ነው የመጣው፤ የቴክኒክ ሰው ከላከ ግን የሰው እጥረት አለበት። ደግሞ ትልቅ አዳራሽ አትወድም። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚተዋወቀው ድሮም የሚተዋወቅ ነው፣ አዲስ ሰው እዚያ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ሲጎረጉር ይውላል። ትንንሾቹ ይሻሏታል፤ ሃያ ሰው ተሰብስቦ ወንበሩን ክብ አድርጎ የሚያወራባቸው።

መምረጥ ደግሞ የግድ ነበር፣ ምክንያቱም እናቷን ትታ መውጣት አትችልም። እናትዮዋ ጡረታ የወጣች የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ሳንባዋ ደክሟል፤ ከአልጋ እስከ መስኮት ደርሳ ስትመለስ እንኳ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ምላሷ ግን ምንም አልደከመም። እናትዮዋን የምትጠብቅላት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ እሷም በሳምንት አንድ ቀን፣ ሱቋ ዝግ በሚሆንበት ከሰዓት ብቻ። ስለዚህ ባክአፕ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የምትወጣው። ከተሳሳተች ሳምንቱ ባከነ።

ያን ቀን ሁለት ዝግጅት ተደራረበባት። አንደኛው እንደ ወትሮዋ ነው፤ የዳታቤዝ ሠራተኞች ብቻ የሚገናኙበት፣ ከቤቷ በእግር የሚደረስ። ሁለተኛው ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የሚደረግ ጉባኤ። ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት የቴክኒክ ኃላፊ እዚያ እንደሚመጣና ዳታቤዝ የሚይዝለት ሰው አጥብቆ እንደሚፈልግ አንድ የድሮ ባልደረባዋ ሹክ ብሏታል። ልቧ ወደዚያ አለ። ግን እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሿ ከብዷል።

«ዛሬስ የማን ሠርግ ነው?» አለች እናት ከትራሷ ላይ። ለብሳ ሄዳ፣ በልታ፣ ባዶ እጇን ስለምትመለስ ዝግጅቱን ሁሉ ሠርግ ነው የምትለው።

«የትልልቆቹ ነበር እማዬ። ግን ይቅርብኝ፣ ትንፋሽሽ አላማረኝም።»

«የኔ ትንፋሽ መቼ አምሮ ያውቃል? አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ስላፈጠጥሽብኝ ይጨምራል?»

«እንግዲያው እዚሁ ቅርብ ያለው ጋ ብቅ ብዬ ልምጣ።»

«እዚያ ያሉት እንዳንቺው ሥራ ያጡ ናቸው ብለሽኝ የለ! ምን ሊሰጡሽ ነው? ቀጣሪው ያለበት ሂጂ።» ትንፋሿን ሰበሰበችና ቀጠለች። «ደግሞ ያንን ኮት አውልቂ፣ ትከሻሽን የተከራየሽው አስመሰለሽ። ሰማያዊውን ልበሺ።»

ልብስ ሰፊዋም ከበሩ ገብታ፣ «ሂጂ አንቺ፣ እኔ የት ሄጄ! እማማን ለኔ ተይልኝ» አለች።

ባክአፕ ሰማያዊውን ለብሳ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆም ብላ ልመለስ ይሆን ብላ አስባለች፤ ይሄን በኋላ ራሷ ነው የተናገረችው። ግን ሥራ ካጣች ሰንብታለች፣ እናቷም ሳታያት እንዳትሞት ትፈራለች። ሳታያት ማለት፣ እንደገና ለሥራ ለብሳ ስትወጣ ማለት ነው። ሴትዮዋ በሕይወቷ ከምንም በላይ የኮራችበት ነገር ልጇ ሥራ መያዟ ነበርና።

አዳራሹ እንደፈራችው ነው። ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ ሰው ሁሉ ከጓደኛው ጋር ይስቃል። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ ላይ ከስሟ ሥር የድርጅት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። የሚያልፈው ሰው ዓይኑን ወደ ካርዱ ይጥላል፣ ባዶውን ያያል፣ ፈገግ ብሎ ያልፋታል። እሷም ፈገግ ትላለች።

ኃላፊውን ያገኘችው በመጀመሪያው እረፍት ላይ ነው። በዕድሜ ታናሽ ወንድሟ ይሆን ነበር። እሷ ግን አንቱ አለችው፤ ሥራ ፈላጊ ምን ምርጫ አለው።

«ቆይ፣ ባክአፕ የሚሉሽ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ ሳቅ ብሎ። «ስላንቺ ሰምቻለሁ። እኛ ጋ የነበረው ልጅ ጥሎን ሄደ። ከዳታቤዝ ጋር የሚያድር ሰው ነው የምፈልገው።»

«እኔማ ከዳታቤዝ ጋር ነው ያረጀሁት» አለች። ሳቀላት። የሳቀላት ሰው ካገኘች ስንት ጊዜዋ!

«ቁጥርሽን ንገሪኝ፣ ሚስኮል ላድርግልሽ።»

እነዚህ ሰዎች የስም ካርድ ማደል ድሮ ትተዋል። አንዱ ቁጥሩን ይናገራል፣ ሌላው ደውሎ ይቆርጣል፣ በቃ ተዋወቁ ማለት ነው። በአንድ እረፍት ውስጥ የማይታወቅ ቁጥር ደጋግሞ ይደውላል፤ ማንም አያነሳውም፣ ቆርጦ ስም ይሰጠዋል እንጂ። ባክአፕ ቁጥሯን ነገረችው። ነካ ነካ አደረገና ስልኩን ጆሮው ላይ ሳያደርስ ያዘው። እጇ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

«ገባ?» አላት።

«ገብቷል!» አለችና ቆረጠችው።

ወትሮ እንዲህ አታልፍም ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አንብባ «ይሄ ነው?» ትላለች፤ ሳታረጋግጥ የማታልፍ ሰው እኮ ናት። ያን ጊዜ ግን አንድ ወፍራም ሰውዬ ኃላፊውን ክንዱን ይዞ እየጎተተው ነበር፣ እሷም ልታስቸግረው አፈረች። ኃላፊው «ስብሰባ አለብኝ፣ እንደዋወላለን» ብሎ በዚያው ወጣ። እሷ ቁጥሩን «የቴክኒክ ኃላፊ» ብላ መዘገበችው።

የእሱ ቁጥር አልነበረም። አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንዴ ሲደዋወል መስመር ከየት ይምጣ፤ የኃላፊው ጥሪ እዚያው ስልኩ ላይ ሞቷል። የገባው ከቤት የተደወለ ነው። እናቷ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ሲጠቁር ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ብታነሳ ባትሪው አልቋል። ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ የሕንፃውን ዘበኛ ስልክ ከእጁ ነጥቃ ነው የደወለችው። ያቺ ደቂቃ ነች ከኃላፊው ጣት ጋር የገጠመችው። ምን ዓይነት መዓት ነው!

ባክአፕ ይሄን ከየት ታውቃለች? ስብሰባው ሲቀጥል ከፊት ተቀመጠች፣ እንደ ደንቡ ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መድረክ ላይ ያለው ሰው ምን እንዳወራ አንድም አልሰማችም። እሷ በሐሳቧ ሥራ ገብታለች፤ ለእናቷ ስትነግራት፣ እናትዮዋም «በመጨረሻ ሙሽራዋ ተገኘች» ብላ ስትቀልድባት ይታያታል።

በሁለተኛው እረፍት ስልኳን አወጣችና ልቧ ዘለለ። የቴክኒክ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ደውሏል! ገና ከመለያየታቸው! እሰይ፣ አለች ድምፅ አውጥታ፤ አጠገቧ የነበሩት ዞር ብለው አዩዋት።

ጣቷ መደወያው ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ መለሰችው። ተረጋጊ፣ አለች ለራሷ። አሁኑኑ ብትደውል ስልክ ላይ ተጥዳ የምትጠብቅ ትመስላለች፣ የቸገረው ሰው ደግሞ ደመወዙም ዝቅ ይልበታል። ከሰው ጋር ሥራ ይዛ የቆየች ትምሰል እንጂ። ይሄን ያስተማሯት እነዚሁ ዝግጅቶች ናቸው፤ «ተፈላጊ ሁኑ» እያለ ሲለፈልፍ የሚውል አሠልጣኝ መቼ ይጠፋል። ሻይ ቀዳች። ስኳር ጨመረች። መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ስልኩን እያየች፣ ረጋ ብላ ጠጣች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት የጠጣችው ሻይ እሱ ነበር። ደውዪ እንጂ አንቺ ሴት! ማን ይንገራት። ሰዉ ወደ ውስጥ ሲመለስ ሌላም ቀዳች።

ስኒዋን አስቀምጣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ኮሪደር ወጥታ ደወለች።

«ሃሎ፣ እንደምን ዋሉ። ቅድም አዳራሽ ውስጥ የተዋወቅን ነኝ። ደውለውልኝ ነበር፣ ሰው ጋር ሆኜ ነው ይቅርታ።»

«የምን አዳራሽ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ። «እኔ ዘበኛው ነኝ።»

«የቱ ዘበኛ?»

«የሕንፃው ነኛ! አንቺ የላይኛው ቤት የእማማ ልጅ አይደለሽም? የት ገብተሽ ነው ልጄ? ሆስፒታል ወስደዋቸዋል እኮ። ስንደውል ስንደውል!»

ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። የቴክኒክ ኃላፊ ይላል። ክው አለች። ሽማግሌው «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ነበር፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ብቻ ጠይቃው ቆረጠችው። ቦርሳዋን የት እንደጣለች ሳታውቅ፣ ካርዱ ደረቷ ላይ እየተወዛወዘ ወጣች። ታክሲው ውስጥ አላለቀሰችም። ሾፌሩን «ቶሎ» ብቻ ነው ያለችው፣ ደጋግማ፣ እስኪቆጣት ድረስ።

ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ በድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ገና ፊቷን ስታይ ገባት። አንዲት ነርስ አልጋውን እየገፋች ከውስጥ ወጣች፣ ላዩ ላይ አንሶላ ተስቧል።

«መቼ?» አለች ባክአፕ።

«አሁን። አሁን ቅድም።» ልብስ ሰፊዋ በነጠላ ጫማ እንዳለች ነው የመጣችው፣ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ አለ። «ደህና ሆነው ነበር እኮ፣ ኦክስጅኑን ሲሰጧቸው ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ያናግሩኝ ነበር።»

«ጠየቀችኝ?»

ሴትዮዋ ልታጽናናት ፈለገች፤ የምትለው ነገር ያጽናናታል ብላ አመነች። «ቤት ሳለን ስልኩን ስትቆርጪው፣ ቆረጠችው አልኳቸው። እሰይ፣ አሉ። ሰው እያናገረች ነው፣ ሥራ ላይ ናት፣ አትረብሺያት አሉኝ። እኔ ግን ፈርቼ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። እዚህ ከደረስን በኋላም ደጋግመው፣ ልጄ ሥራ ላይ ናት፣ ለሐኪሙም ለነርሷም ሥራ ላይ ናት እያሉ ነበር። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት፣ እመኚኝ።»

ባክአፕ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ሥራ ላይ አልነበርኩም» አለች። «እትዬ፣ መደወላችሁን አይቼው ነበር። አይቼው ሻይ ጠጣሁ። ቆሜ፣ ሁለት ስኒ ሻይ ጠጣሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ነገሩ አልገባትም። ቢሆንም አጠገቧ ተጠግታ እጇን ያዘችላት።